በቀትር የሚጠራው

መጋቢት 12

ሁለቱን መጋረጃ አጠብኩ። ሁለተኛውን ጨምቄ ሳልጨርስ የመጀመሪያው ገመዱ ላይ ደርቆ እንደ ካርቶን ቆሟል። ፍኖተ ሰላም አርባ ዓመት ስኖር እንዲህ ያለ መጋቢት አላየሁም። ወይስ ነበረ… የረሳሁት እኔ ነኝ?

ዋንዛው ቢኖር ጥሩ ነበር። ጎረቤት ቤት ሊሠራ ጥቅምት ላይ ቆረጠው። መሬቱም የሱ፣ ዛፉም የሱ። ምን ይባላል? ጥላው ግን እኔ ቤት ላይ ነበር የሚያርፈው። አሁን ቆርቆሮዬ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ይንጣጣል። ኮርኒሱንም አይጥ ስለጨረሰው አስወርጄዋለሁ። አንዷለም «እማዬ፣ መጥቼ በአዲስ አሠራልሻለሁ» ብሎኛል። ከባሕር ዳር እዚህ መንገዱ ሲከፈት። መቼ ይሆን?

ከሰዓት በኋላ እማሆይ እህተ ማርያም በአጥር ጠሩኝ። መርፌያቸው ላይ ክር እንዳስገባላቸው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ እኔ በሰባ ሦስት ዓመቴ ለሳቸው ልጅ ነኝ። ከነጠላቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል። በዚህ ሐሩር!

«እማሆይ፣ አይሞቅዎትም?»

«ኧረ ይበርደኛል ልጄ። አጥንቴ ውስጥ ገብቷል።»

ክሩን አስገባሁላቸው። እጃቸውን ስነካው ግን ይፋጃል። ከእሳት አሁን እንደወረደ ድስት።

መጋቢት 14

መብራት የለም። ስልክም የለም። ሑዳዴ ነውና ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህል ቀመስኩ። ውኃ ሳልጠጣ መዋሌ ትዝ ያለኝ አሁን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ነው። አልጠማኝም እኮ።

መጋቢት 17

እማሆይ ዛሬ አንድ ነገር አጫወቱን። አደይም ሱቋን ዘግታ መጥታ ነበር። ተከራይዬ ናት ማለት ይከብደኛል፤ ስድስት ዓመት ጓሮዬ ስትኖር ከልጅ አልተናነሰችም።

ቀትር ላይ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ በራቸው ላይ ሰው ይጠራቸዋል። ሦስት ቀን ሆነው። የወንድ ድምፅ ነው። «ወንድሜ ቢሰጥ ነው» ይላሉ። ቢሰጥ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል።

«ታዲያ ምን አሉት?» አልኩ።

«ምን እላለሁ? አቤት አልኩ እንጂ።»

አደይ አማተበች። «ኧረ እማሆይ! በቀትር ሲጠሩዎት ሦስተኛው ካልሆነ አቤት አይባልም እኮ! እናቴ ትለን ነበር፣ አንዴ ብቻ የሚጠራ ሰው አይደለም…»

እማሆይ ሳቁ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። «በዚህ ዕድሜዬ ማን ጠራኝ ብዬ እመርጣለሁ?» አሉ።

ስቀን ተለያየን። እኔ ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ ዞር ብዬ በሩን አየሁት። ለምን አየሁት?

መጋቢት 19

እማሆይ አረፉ።

መጋቢት 20

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ሰባት ሰዓት ገደማ አደይ ጧፍ ልትሰጣቸው ሄደች። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንኳኳች። ጠራች። ዝም። እየሮጠች መጥታ እኔን ጠራችኝ፣ የሠፈር ወንዶች መቀርቀሪያውን ሰበሩት።

ሙቀቱ ነው መጀመሪያ የወጣው። ፊቴን ገፋኝ፣ ልክ እንደ ሰው እጅ። መስኮታቸው ተዘግቶ፣ ለአቧራው ብለው ዙሪያውን በጨርቅ ወትፈውታል። እማሆይ መደቡ ላይ ወደ በሩ ዞረው ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል… አንድ ቃል ሊመልሱ እንደነበር። አጠገባቸው ውኃ የሞላ ጆግ አለ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ሳይነኩት ያስቀመጡት።

የገነዟቸው ሴቶች እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «በድን እንዲህ ሲፋጅ አይቼ አላውቅም» አለችኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልቀዘቀዙም።

ዛሬ ጠዋት ቀበርናቸው። ፀሐይ እንዳይመታን ብለን በጠዋት።

መጋቢት 22

ድንኳን ስንቀመጥ አያ ዳኘው አጠገቤ ነበሩ። ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ፤ እኔ ጡረታ ስወጣ እሳቸው ከወጡ ቆይተዋል። ሰማንያ አንዳቸው። ሚስታቸው ንጋት ካለፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው።

ማንኩሳ ዘመድ ጠይቀው መምጣታቸው ነው። እዚያም በአንድ ሳምንት ሁለት ሽማግሌ ሞቷል አሉ። አንዱ በሬውን ሊፈልግ በቀትር ወጥቶ፣ አጥር ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ተገኘ። እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ።

«ለማን ነው የዘረጋው?» አለች አንዷ።



«ድሮ ሞት በሌሊት ነበር የሚመጣው» አሉ አያ ዳኘው፣ ቀስ ብለው። «ውሻ ይጮህበት ነበር። አሁን በጠራራ ፀሐይ ይመጣል። ውሻውም ከሙቀቱ የተነሳ ዝም።»

ሴቶቹ ሠፈሩ ጠበል ይረጭ አሉ። ይረጭ… እኔ ምን ከፋኝ። እርጥብ ነገር ነው።

መጋቢት 25

ጠራኝ።

 ስድስት ሰዓት ከሩብ ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ቆርቆሮው ሲንጣጣ ቆይቶ ድንገት ዝም አለ። ያኔ።

«ሲሳዬ።»

አንድ ጊዜ። ከበሩ ውጭ። በዚህ ስም የሚጠራኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነበር። ገብረሰንበት። ባሌ። ከሞተ አራት ዓመት ከሁለት ወሩ።

ተነስቼ ከፈትኩ። ግቢው ነጭ ነው። ሁሉ ነገር ነጭ። የአደይ ዶሮዎች አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው አጥር ሥር ወድቀዋል። መንገዱ ላይ ጥላ እንኳ የለም። ሰው የለም።

መፍራት ነበረብኝ። አልፈራሁም። አሁን ስጽፈው ነው የሚያስፈራኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ኩባያ ውኃ ጠጣሁ። ራሴን ሲወቅረኝ የዋለው ለቀቀኝ። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠራኝም።

መጋቢት 26

የጤና ኤክስቴንሽኗ ትሕትና መጣች። አራተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ፤ አሁን መዝገብ ታቅፋ የሠፈሩን ሽማግሌዎች ትቆጥራለች።

«ቲቸር፣ ቀን ቀን የት ነው የሚውሉት?»

«ቤቴ።»

ወደ ጣሪያው ቀና አለች። «እዚህ? በዚህ ቆርቆሮ ሥር?»

እጄን ያዘች። የእጄን ጀርባ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ሁለታችንም ስናየው ቆየን።

«ላብዎ የታለ?»

አየሁ። እሷ ከአንገቷ ይንጠባጠባል። እኔ ደረቅ ነኝ። ግንባሬም፣ ብብቴም። መቼ ነው ላብ የተውኩት? የማን ሰውነት ውስጥ ነው የምኖረው?

ብዙ ነገረችኝ። ሰው ሲያረጅ ጥሙ ይጠፋበታል አለች፤ ሰውነቱ ደርቆ እንኳ አልጠማኝም ይላል። ላቡ ይቀንሳል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ አእምሮን ያምሳል። ሰው እየነደደ በረደኝ ይላል። የሌለ ያያል፣ የሌለ ይሰማል። «እማሆይን የገደላቸው ሙቀቱ ነው፣ ጋኔን አይደለም። ሳይጠማዎት ይጠጡ። ቀትር ላይ ከዚህ ቤት ይውጡ። ጨርቅ አርጥበው አንገትዎ ላይ ያድርጉ።»

«ሑዳዴ ነው እኮ» አልኳት።

«የነፍስ አባትዎን ይጠይቋቸው። እርስዎ ካፈሩ እኔ እጠይቅልዎታለሁ።»

እሺ አልኳት። ስለ ድምፁ ግን አልነገርኳትም። ለምን አልነገርኳትም?

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

መጋቢት 27

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ በሙሉ ተናግሬው አላውቅም።

ገብረሰንበት የሞተ ቀን ቡሬ ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ሠርግ። ትንሽ አሞት ነበር፤ «ሂጂ፣ እኔ ደህና ነኝ» አለኝ። ሄድኩ። በማግስቱ መመለስ እችል ነበር። መልስ አለ ብለው ያዙኝ፣ ቀረሁ። ጨፈርኩ እኮ። እጄን እያጨበጨብኩ… እሱ እዚህ ሲያጣጥር።

አያ ዳኘው ናቸው አጠገቡ የነበሩት። ስመለስ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ጠየቅኋቸው። ሊደብቁኝ ሞክረው አልሆነላቸውም። «እስኪያልፍ ሲጠራዎት ነበር። ሲሳዬ የት ሄደች እያለ።»

አራት ዓመት ይህ ቃል ጆሮዬ ውስጥ አለ። ታዲያ አሁን መጥቶ ሲጠራኝ፣ ሦስተኛው አይደለም ብዬ ዝም ልበል?

ዛሬም መጣ። ስሜን ብቻ አይደለም ያለው።

«በሩን ምነው ዘጋሽው?» አለኝ።

መጋቢት 29

አልመጣም።

እሑድ ነው። ከቅዳሴ መልስ በጊዜ በላሁ፣ ጠጣሁ። ቀትር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። ቆርቆሮው ብቻ ይንጣጣል። ትናንት ቅዳሜም በጊዜ ስለበላሁ አልመጣም ነበር።

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ልጆች ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጠው እንዲያነጻጽሩ አስተምሬያለሁ። ይኸው አነጻጸርኩ። ውኃ በጠጣሁ ቀን አይመጣም። መስኮቱ ተከፍቶ በዋለ ቀን አይመጣም። ትሕትና ይህን ብታይ ምን እንደምትል አውቃለሁ። ደግሞ ልክ ናት።

ታዲያ ካወቅኩ…?

መስኮቱን ዘጋሁት።

መጋቢት 30

መጣ። ውኃውን ዘጠኝ ሰዓት ላይም አልነካሁትም። ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ።

አደይ ሐብሐብ ይዛልኝ መጥታ ነበር። «እትዬ፣ ዓይንዎ ገብቷል» አለችኝ። ጾም ነው አልኳት። ሐብሐቡን አልጋ ሥር ደበቅኩት። እንደ ልጅ።

መጋቢት 31

መጣ ብዙ አወራን። ስለ ሠርጉ ጠየቀኝ ሙሽራዋ ምን ለበሰች አለኝ ነገርኩት አልተቆጣም። ብርድ ነው። ካፖርቱን ከሳጥን አውጥቼ ለበስኩ የሱን። ይሸታል እሱን እሱን። እማሆይም አብረውት አሉ በሩ ላይ ክር እያስገቡ

ወጥተን እንሄዳለን ብሏል

ሚያዝያ 2

ያለፈውን ገልጬ አየሁት። ሁለት ጊዜ አየሁት።

መጋቢት 31 ይላል። በእኔ እጅ ጽሕፈት። መጋቢት ሠላሳ አንድ የለውም! ወር ሠላሳ ቀን ነው ብዬ ስንት ሺህ ልጅ በጣት አስቆጥሬያለሁ! የመጨረሻዋን መስመር ደግሞ መጻፌን አላስታውስም። ወጥተን እንሄዳለን… ወዴት?

ዛሬ ፈርቼ ውኃ ጠጣሁ። አንድ ጆግ ሙሉ። ቀትሩ ባዶ ሆኖ አለፈ። ቤቱ እንዲህ ባዶ መሆኑን ረስቼው ነበር።

ሚያዝያ 3

ዛሬ እንደገና አልጠጣሁም። ይኸው ጻፍኩት። የሚያነበው የለም፣ እኔ ግን ልዋሽ አልፈልግም።

አምስት ሰዓት ላይ አያ ዳኘው መጡ። በር ላይ ቆመው ቀሩ። ካፖርቱን ለብሼ ነበር፣ አንገቱ ድረስ ተቆልፎ።

«ምን ሆነው ነው?» አሉኝ።

«በረደኝ።»

  «እማሆይም እንዲሁ ብለውኝ ነበር» አሉ። ገብተው መስኮቱን ከፈቱት። ሳይጠይቁኝ። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት እያዩ፣ «እኔንም ትጠራኛለች» አሉ።

«ማን?»

«ንጋት ናታ። ዳኙ ትለኛለች። ያን በሬ ምነው ሸጥከው ትለኛለች።» ሳቅ ቢጤ አሉ። «ትሕትና ከነገረችኝ ወዲህ ቀትር ቀትር ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እሄዳለሁ። ወይራው ሥር። ጠጅ የነበረበትን ኮዳዬን ውኃ ሞልቼ። እዚያ አትመጣም።»

«አትናፍቅዎትም?» አልኳቸው። ከአፌ አመለጠኝ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ሲሳይነሽ፣ እኔ የምሸሸውን አንቱ ተቀምጠው ይጠብቁታል እንዴ?»

ካፖርቱን አጥብቄ ሰበሰብኩ።

«ያ ገብረሰንበት አይደለም» አሉ ሲነሱ። «ገብረሰንበትን አውቀዋለሁ። እሱ አንቱን በዚህ ፀሐይ ውጪ አይልም።»

ነገ ቀትር ወይራው ሥር ይምጡ ብለውኛል። እሺ ብያቸዋለሁ። ሲወጡ መስኮቱን መልሼ ዘጋሁት።

ሚያዝያ 4

በሩ ላይ ነው። አደይ የለችም ገበያ ናት። ሦስት ጊዜ ጠራኝ ዛሬ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። እንግዲህ አቤት ብል ማን ይቆጣኛል

ሚያዝያ 9

ቤቴ ነኝ። ተደግፌ ነው የምጽፈው። የማስታውሰውን ልጻፍ፣ ከዚያ የነገሩኝን።

የማስታውሰው፦ ነጭ መንገድ። ወደ ቡሬ የሚወስደው አስፋልት ነው። ፊት ለፊቴ ውኃ ተኝቷል፣ ስጠጋው ይሸሻል፣ እንደገና ይተኛል። ገብረሰንበት ውኃው መሐል ቆሟል። ጀርባው ነው የሚታየኝ። አይዞርም። እግሬ አይሰማኝም። ኋላ ሳይ ነው አንዱ እግሬ ባዶውን መሆኑን፣ መቃጠሉን ያወቅኩት።

ከኋላዬ ደግሞ ሌላ ሰው ይጠራኛል። «ሲሳይነሽ! ሲሳይነሽ!» ሩቅ ነው፣ የደከመ ድምፅ። አስታውሳለሁ ምን እንዳሰብኩ። ይኸኛው ነው የቀትር ጋኔን፣ አልመለስለትም አልኩ። ፈጠንኩ።

አያ ዳኘው ነበሩ።

የቀረውን አደይ ናት ካዩት ሰዎች ሰምታ የነገረችኝ። ወይራው ሥር ሲጠብቁኝ ነበር። በግቢው በር ሳልፍ አዩኝ። ካፖርት ለብሼ፣ ብቻዬን እያወራሁ። ጠሩኝ፣ አልዞርኩም። ተነስተው ተከተሉኝ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ከዘራ ይዘው፣ በስድስት ሰዓት ተኩል ፀሐይ። ኮዳቸው ወይራው ሥር ቀረ። ባጃጅ የሚነዳ ሰው እንዳለው፣ እሳቸው ካፖርቴን ይዘው፣ እኔ ልላቀቅ ስታገላቸው ደረሰ። ታገልኳቸው እኮ! ሁለታችንም አስፋልቱ ዳር ወደቅን።

ጤና ጣቢያ አንድ ክፍል አስተኙን። በረጠበ አንሶላ ጠቀለሉን፣ ጉሉኮስ ሰቀሉልን፣ አደይና ትሕትና ሌት ተቀን በካርቶን ሲያራግቡልን ነበር። እኔ በማግስቱ ሰው ለየሁ። እሳቸው አልለዩም። ዓይናቸው ክፍት ነው፣ ግን አያዩም። ሦስተኛው ቀን ጠዋት መጥራት ጀመሩ።

«ንጋት… ንጋት…»

ትሕትና እጃቸውን ይዛ «አይዞዎት አያ» ትላለች። አይሰሟትም። «ንጋት… የት ሄድሽ?»

አልጋችን አንድ ክንድ አይራራቅም። ያ ድምፅ… ያ ጥያቄ… እኔ ቡሬ ሆኜ ገብረሰንበት የጠየቀው ይኸው ነው። በሌላ ሰው ስም አቤት ይባላል? ኃጢአት ይሆን? አላውቅም። እጄን ዘርግቼ ጣታቸውን ያዝኩ።

«አቤት» አልኳቸው። «አቤት ዳኙ። አለሁ።»

ትንፋሻቸው ረገብ አለ። ከዚያ በኋላ ስሟን አልጠሩም። ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ አረፉ።

ሚያዝያ 11

የነፍስ አባቴ መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የቡሬውንም። ስለ ውኃው ስጠይቃቸው ተቆጡ። «ማነው የታመመ ሽማግሌ ውኃ አይጠጣ ያለሽ? ጾሙን እኔ እሸከምልሻለሁ» አሉ።

ሌላውን ግን ማንም አይሸከምልኝም። አያ ዳኘው እኔን ብለው ነው የወጡት። እሺ ብያቸው ነበር እኮ።

ሚያዝያ 15

አደይ ካፖርቱን አጥባ አሰጣችው። እንዳየሁት ግቢው መሐል ሰው የቆመ መሰለኝ። ጮህኩ። አውርጂው አልኳት፣ ለለማኝ ሽማግሌ ስጪው… አይሆንም፣ ለሽማግሌ አትስጪው። ለወጣት ስጪው።

ሚያዝያ 18

አንዷለም ስልክ ገባለት። አለቀሰ። መንገዱ እንደተከፈተ ወደ ባሕር ዳር እወስድሻለሁ አለኝ። አይሆንም አልኩት። «እዚያ ምን አለሽ እማዬ?» አለኝ። ሥራ አለኝ አልኩት። እስካሁን አልነበረኝም፣ ስለው ነው የኖረኝ።

ሚያዝያ 19

ትሕትናን መዝገቧን እንድታሳየኝ ጠየቅኳት። በእኛ ሠፈር ብቻቸውን በቆርቆሮ ቤት የሚውሉ ዘጠኝ ሽማግሌ። ዘጠኝ! አብዛኞቹን አውቃለሁ፣ ግን ስንቱ ቤት በዚህ ወር ገብቻለሁ? አንድም።

ሚያዝያ 28

ትናንት ፋሲካ ነበር። እንኳን አደረሳችሁ ልል አደይን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሦስተኛው ቤት መስኮቱ በጨርቅ ተወትፏል። አባወራው፣ አባ ስመኘው፣ በበዓል ቀን በቀትር ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል።

ጨርቁን እኔው ነቀልኩት። «የሰው ቤት ገብተሽ!» ብለው ጮሁብኝ። ይጩሁ። አደይ ነጠላዬን አርጥባ አንገታቸው ላይ አደረገችላቸው።

ግንቦት 3

አሁን ስድስት ነን። ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ወይራው ሥር እንውላለን። አባ ስመኘው ገበጣ ቆፍረዋል፣ ያጭበረብራሉ። የአደይ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በረጠበ ጆንያ ተጠቅልሎ መሐላችን ይቆማል። ሰዓት እየቆጠርኩ አጠጣቸዋለሁ፣ እኔም አብሬ። «አልጠማኝም ቲቸር» ይላሉ። እኔም አልጠማኝም። እንጠጣለን።

ስድስት ሰዓት ሲል ግን ሁሉም ዝም ይላል። ገበጣውም ይቆማል። ማንም ለምን እንደሆነ አይናገርም። ሁላችንም ወደ ግቢው በር እናያለን።

ግንቦት 7

ደመና ታይቶ ተበተነ። ትሕትና ከጅጋም ከቡሬም የሚሰማው ያው ነው ትላለች። ዝናቡ ሩቅ ነው።

ግንቦት 9

ዛሬ አዲስ ሰው መጣ። እማማ አትጠገብ፣ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ከጅጋ ገጠር የመጡ። አደይ ናት መንገድ ዳር አግኝታ በክንዳቸው ይዛ ያመጣቻቸው። ጋቢ ለብሰዋል። እጃቸውን ነካሁት። ያ ሙቀት ነው።

ጋቢውን ገፈፍናቸው፣ ጨርቅ አርጥበን ራሳቸው ላይ አደረግን፣ አደይ ትሕትናን ልትጠራ ሮጠች። ኩባያ ሞልቼ ያዝኩላቸው። አፋቸውን ገጠሙ። በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ በሩ ያያሉ።

«ማን አለ እዚያ?» አልኳቸው።

«ህይወት። ልጄ።» ፊታቸው በርቷል። «ዘጠኝ ዓመቷ ነበር ወንዝ ሲወስዳት። ይኸው መጣች። እማ እያለችኝ ነው።»

ዞሬ አየሁ። በሩ ላይ ፀሐይ ብቻ ነው።

«መጀመሪያ ይጠጡ እማማ።»

እንደ ሕፃን ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ከጠጣሁ አትሄድም?»

አባ ስመኘው ፊታቸውን አዞሩ። ሌሎቹም መሬት መሬት ያያሉ። የሚጠብቁት እኔን ነው። አትሄድም ብላቸው ይጠጡልኝ ነበር። ግን ሦስት ጊዜ ጠራኝ ብዬ ራሴን ዋሽቼ የወጣሁ ሰው፣ ሌላውን ደግሞ ልዋሽ?

«ትሄዳለች» አልኩ። «የእኔም ሄዷል።»

ኩባያውን ከእጄ ወሰዱ። አልጠጡም። በሩን እያዩ ቆዩ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሉት አይሰማም። ቸኩዪ ቸኩዪ አለኝ፤ እንደ እማሆይ ሊያመልጡኝ ነው አልኩ። አልቸኮልኩም። ጉልበታቸውን ይዤ ጠበቅኩ። ገብረሰንበትን ሳልሰናበት የቀረሁ እኔ፣ እንዴት አልጠብቃቸው?

ከዚያ ጠጡ። በአንድ ትንፋሽ፣ እስከ ታች።

ትንሽ ቆይተው «ዝም አለች» አሉኝ። አለቀሱ። እንባ ነበራቸው፣ ጉንጫቸው ላይ እውነተኛ እንባ። ትሕትና ስትመጣ ይህን ስነግራት፣ ሰውነታቸው አልደረቀም ማለት ነው ብላ እሰይ አለች።

እማማ አትጠገብ ግን እሰይ አላሉኝም። ክፉኛ አዩኝ። ሁለተኛውን ኩባያ ቀዳሁላቸው።